ሥራ በማትሠራበት አትግዛ፦ የሐርለሙ አቢሲኒያ አጥቢያ ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ኒው ዮርክ የደረሰ ሐበሻ አንድ ቀን ሐርለም መሄዱ አይቀርም። እዚያ ምዕራብ 138ኛ ጎዳና ላይ በድንጋይ የተሠራ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ይባላል። ስሙን ያየ ሰው ፎቶ ይነሣል፤ ለቤተሰብ ይልካል። «በእኛ ስም የተሰየመ ነው» ይባላል፣ ልብ ይሞቃል፣ ጨዋታውም እዚያው ያልቃል።

እኔም ለረጅም ጊዜ ከዚያ አላለፍኩም ነበር። ይህ አጥቢያ በ1930ዎቹ ያደረገውን ማንበብ ስጀምር ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ዘረኝነትን የሚያወግዝ ጥሩ ስብከት የነበራቸው አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከስብከቱ በኋላ አሰልቺውን ሥራ ሠርተዋል። ደረሰኝ ሰብስበዋል፣ ሰልፍ ቆመዋል፣ ውል ላይ ተከራክረዋል። አንዴ ደግሞ ባሸነፉ ማግስት ድሉ ከእጃቸው ወጥቷል። ይህን መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት በዋናነት ለዚህኛው ስል ነው። በየማኅበራችን ሰልፍ እንወጣለን፣ መግለጫ እናወጣለን፣ በሳምንቱ ሁሉም ወደየቤቱ ነው። እንዲህ ያለ ልማድ ላለን ሰዎች የሚጠቅም ነገር አለው ብዬ አምናለሁ።

ሰዎቹን በስም አልጠራም። ሁለቱ መጋቢዎች አባትና ልጅ ስለሆኑ «አባትየው» እና «ልጁ» እያልኩ እሄዳለሁ። ልጁ በጣም ታዋቂ ሰው ነው፤ የእርሱ ታሪክ የአጥቢያውን ታሪክ እንዳይውጠው ነው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከየት ተነሡ

ነገሩ የሚጀምረው በ1808 ነው። በኒው ዮርክ ባርነት ገና በሕግ አልቀረም። በከተማው በነበረ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮች የሚቀመጡት ለብቻቸው ተለይተው ነበር። አጥቢያው ስለ አመሠራረቱ ሲተርክ፣ ከተለዩት መካከል ጥቁር አሜሪካውያንም ለንግድ የመጡ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ ይላል። እዚያ ተቀመጡ ሲባሉ እንቢ አሉ። ወጡ፤ የራሳቸውን አቋቋሙ። ስሙንም በአቢሲኒያ ሰየሙት።

ጫማ አውልቆ፣ መቋሚያ ተደግፎ በሚቆምበት ቤተ ክርስቲያን ላደገ ሰው የመቀመጫ ጠብ ትንሽ ግራ ሊያጋባው ይችላል። እዚያ አገር ግን መቀመጫ ማዕረግ ነበር። ለጥቁር የተከለለው ጥግ «እግዚአብሔር ፊትም ቦታህ ይህ ነው» የሚል መልእክት ነበረው።

አጥቢያው መቶ ዓመት ሙሉ በማንሃተን ውስጥ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ኖረ። በ1908 አባትየው መጋቢ ሆኖ መጣ። በዚያ ጊዜ ጥቁሮች ከደቡብ ግዛቶች እየለቀቁ ወደ ሰሜን ከተሞች ይጎርፉ ነበር፤ ሐርለምም በእነርሱ ሞላች። አጥቢያው ተከትሏቸው ሄደ። አሁን ያለበት ሕንጻ በ1923 ተመረቀ፤ በ1928 ደግሞ ዕዳው ተከፍሎ አለቀ። የአባላቱ ቁጥር በሺዎች ሆነ፤ ከአሜሪካ ትልልቅ የፕሮቴስታንት አጥቢያዎች አንዱ ሊባል በቃ። ከ1930 እስከ 1931 ኒው ዮርክ ለትምህርት የመጣ አንድ ጀርመናዊ ወጣት የነገረ መለኮት ምሁር እዚህ ያስቀድስ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችንም ያስተምር ነበር። ይህ ሰው በኋላ አገሩ ተመልሶ ናዚዎችን ተቃወመ፤ በ1945 ሰቀሉት።

የዕዳውን ነገር ያነሣሁት ሆን ብዬ ነው። በዚያ ዘመን ሰፊ አዳራሽ ያለው፣ ዕዳ የሌለበት፣ ባለቤቱም ጥቁር የሆነ ተቋም ብርቅ ነበር። «ዛሬ ማታ እዚህ ስብሰባ አታደርጉም» የሚል አከራይ የለም። ከዚህ በኋላ የምተርከው ሁሉ በዚህ አዳራሽ ላይ የቆመ ነው።

ችግሩ

በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ወደቀ። ሐርለም ላይ ሲደርስ የባሰ ሆነ። ጥቁር መጨረሻ ተቀጣሪ፣ መጀመሪያ ተባራሪ ነበርና።

በ1930 መጨረሻ፣ በብርዱ ወራት አጥቢያው ነጻ የምግብ ማዕከል ከፈተ። አባትየው ከደመወዙ ገንዘብ ሰጠ፤ ማዕከሉን እንዲመራ የተመደበው ገና 22 ዓመት የሞላው ልጁ ነበር። ምግብ ይሰጣል፣ ልብስና ጫማ ይታደላል። ለሾርባ የሚሰለፈው ደግሞ ጤነኛ፣ ጉልበት ያለው፣ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የሚቆም ሰው ይህን በየቀኑ ያያል። «ይህን ሰው ቀጣሪ ያጣው ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከድስቱ አጠገብ ነው የሚነሣው።

መልሱ ሩቅ አልነበረም። የሐርለም ዋና የገበያ ጎዳና 125ኛው ነው። በሱቆቹ የሚገዛው በብዛት ጥቁር ነው። ጥቁር ሠራተኛ ካለ ግን ወለል ጠራጊ ወይም ሊፍት የሚያንቀሳቅስ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ የሚሸጥ፣ ገንዘብ የሚቀበል፣ ሒሳብ የሚጽፍ ጥቁር የለም። አንዲት እናት ለልጇ ጫማ ትገዛለች፤ ልጇ ግን አድጋ እዚያ ሱቅ ጫማ መሸጥ አትችልም። የመብራት ድርጅቱም፣ የስልኩም፣ የአውቶቡሱም ያው ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ 1934

በ125ኛው ጎዳና ከነበሩት ትልልቅ ሱቆች በአንዱ ላይ የግዢ አድማ ተጠራ። ዋና አስተባባሪው የጎረቤት ኤጲስቆጶሳዊ (ኤፒስኮፓል) አጥቢያ ቄስ ነበር። ልጁና የአቢሲኒያ ምእመናን ገቡበት። መፈክሩ ከሌሎች ከተሞች የመጣ ነው፦ ሥራ በማትሠራበት አትግዛ።

በጣም የወደድኩት ከሰልፉ በፊት የሠሩትን ነው። ከምእመናን የሱቁን ደረሰኞች ሰበሰቡ። እናቶች ከቦርሳቸው፣ ከመሳቢያቸው፣ ከወጥ ቤት መደርደሪያቸው ያወጡት ወረቀት ነው። ያን ይዘው ባለሱቁ ጋ ሄዱ። የሞራል ክርክር አላስቀደሙም። «እኛ እዚህ ያወጣነው ገንዘብ ይህ ነው» አሉት። ባለሱቁም ጥቁር ሊፍት ሠራተኞችና ተላላኪዎች መቅጠሩን ጠቅሶ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ በር ላይ መፈክር ይዘው መመላለስ ጀመሩ። ሰኔ አለፈ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ባለሱቁ 35 ጥቁር የሽያጭ ሠራተኞችን ሊቀጥር ተስማማ። የተወሰኑትን ወዲያው፣ ቀሪዎቹን በመስከረም።

ሐርለም ጨፈረች። ችግሩ የጀመረው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ፣ የተቀጠሩት ሴቶች በብዛት መልካቸው ቀላ ያለ ሆኖ ተገኘ። በር ላይ በፀሐይ ሲመላለሱ የከረሙት ጠቆር ያሉት ቀሩ። አስቡት እስኪ። ቀለምን በመቃወም የተገኘ ሥራ በቀለም ሲታደል! ማን ይቀጠር የሚለውን አስቀድሞ የተነጋገረበት ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ጥምረቱ ተበተነ። አድማው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። አንዱ የአብያተ ክርስቲያናት ሰው ነው፤ ኮት የለበሰ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ። ሌላው ሣጥን ላይ ቆሞ መንገድ ላይ የሚናገረው ነው። በር ላይ መቆምን ከሁሉም ቀድመው የጀመሩት እነዚህ የመንገድ ተናጋሪዎች ነበሩ። ሥራው ሲመጣ «ዕጩዎቹን የምናቀርበው እኛ ነን» በሚል ተጣሉ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ደግሞ ከባለሱቆቹ ብዙዎቹ አይሁድ መሆናቸውን ይዞ በእነርሱ ላይ በዘራቸው ዘመተ የሚል ክስ ቀረበበት፤ ጋዜጦች ያን አራገቡት። የዘር አድልዎን የሚቃወም እንቅስቃሴ እንዲህ ያለ ነገር ሲነካው ወዲያው ነው የሚቆሽሸው። የጨዋው ወገን ቶሎ ሊያስቆመው ሲገባ ጊዜ ወሰደበት።

ሦስተኛው ሕግ ነው። ከተከፋፈሉት ወገኖች አንዱ በአንድ የጫማ ሱቅ በር ላይ ሰልፉን ቀጠለ። ሱቁ ፍርድ ቤት ሄደ። በጥቅምት ወር መጨረሻ ዳኛው እግድ ሰጠ። ሰልፈኞቹ የሠራተኛ ማኅበር አይደሉም፣ ጉዳዩም የሠራተኛና የአሠሪ ክርክር ሳይሆን የዘር ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ በር ላይ ለመቆም የሕግ ከለላ የላቸውም አለ። በአንድ ውሳኔ የሐርለም ትልቁ መሣሪያ ከእጅ ወጣ።

ሦስት ከባድ ዓመታት

በመጋቢት 1935 አንድ ልጅ ከ125ኛው ጎዳና ሱቅ ሰንጢ ሰረቀ ተብሎ ተያዘ። ገደሉት የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ሐሰት ነበር፤ ልጁ ደህና ነው። ሐርለም ግን በዚያ ሌሊት ነደደች። ሰዎች ሞቱ፤ የሱቆቹ መስታወት ተሰባብሮ አደረ። ከንቲባው አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑም የሥራ አድልዎን፣ የፖሊስን በደልና የቤት ችግርን በምክንያትነት ጻፈ። ከተማው ሪፖርቱን አላወጣውም። በ1936 ያወጣው የሐርለም ጋዜጣ ነው።

በዚያው 1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች። ሐርለም የራሷ ቤት የተቃጠለ ያህል ተቆጣች። ለኢትዮጵያ ድጋፍ ትልቅ ስብሰባ ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የአቢሲኒያ አዳራሽ ነበር። ወጣቶች ለመዝመት ተመዘገቡ፤ የአሜሪካ ሕግ ከለከላቸው። ኪሳቸው ባዶ የነበረ ሰዎች ናቸው ገንዘብ ያዋጡት። ይህን ሳነብ የፎቶው ነገር ትንሽ አሳፈረኝ።

ሥራን በተመለከተ ግን እነዚህ ዓመታት የጥበቃ ናቸው። በር ላይ መቆም ታግዷል። አጥቢያው ግን አልተበተነም፤ እሑድ እሑድ መሰብሰቡን አላቆመምና። የቤተ ክርስቲያን ጥቅም እዚህ ላይ ይታየኛል። ሌላው ኮሚቴ ሁሉ እግድ ሲመጣ ይፈርሳል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በሚቀጥለው እሑድም አለች። በ1937 አባትየው ጡረታ ወጣ፤ ልጁ መጋቢ ሆነ።

በመጋቢት 1938 በሩ ተከፈተ። የዋሽንግተን ጥቁሮች በአንድ የግሮሰሪ ድርጅት ላይ ያነሡት ተመሳሳይ ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ የዘር አድልዎን በመቃወም ስለ ሥራ በር ላይ መቆም በሕግ የተጠበቀ ነው አለ። ሐርለም ያልተከራከረችበትን ጉዳይ አሸነፈች ማለት ነው።

ሁለተኛው ዙር፦ ሻማና ሳንቲም

በዚህ ጊዜ ልጁና አንድ የፕሬስቢቴሪያን መጋቢ ሰፊ የሥራ ኮሚቴ አቋቋሙ። አብያተ ክርስቲያናት፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የሴቶች ክበባት፣ የግራ ፖለቲካ ሰዎች ገቡበት። በ1934 የተጣሉት ወገኖች ሁሉ አብረው አልገቡም፤ ግን ከበፊቱ የሰፋ ነበር።

ሱቆቹ ላይ በር መቆሙ ቀጠለ። በዚያው 1938 የሐርለም ነጋዴዎች ማኅበር ከቢሮና ከሽያጭ ሥራ አንድ ሦስተኛውን ለጥቁሮች ለመስጠት ተስማማ።

ከመብራት ድርጅቱ ጋር ግን ዘዴው ይለያል። የመብራት ድርጅት በር ላይ ብትቆም ማን ይቀርበታል? መብራት እንደ ጫማ ከሌላ ሱቅ አይገዛም። ስለዚህ ሁለት ነገር አሰቡ። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ መብራት ይጠፋና ሻማ ይበራል። ሌላው የቢል አከፋፈሉ ነው። ሰዎች ተሰልፈው ወደ ክፍያ ቢሮው ይሄዳሉ። ቢሉን በዝርዝር ሳንቲም ይከፍላሉ። ገንዘብ ተቀባዩ ይቆጥራል። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ኪሱን ይዘረግፋል። ከኋላ ሰልፉ መንገድ ድረስ ወጥቷል።

ይህን ሳስብ የገዛ ቢሯችን ይመጣብኛል። ቢል የከፈለ ሰው ሁሉ መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ማንም ሕግ አልጣሰም። ማንም አልጮኸም። ሂሳባቸውን ነው የከፈሉት። ድርጅቱም ለቢሮ ሥራ ጥቁሮችን ለመቅጠር እሺ አለ። ቁጥሩ ትንሽ ነበር፤ ለጥቂት ሰው ብቻ። ግን ቀድሞ ባዶ ነበር።

አውቶቡሱ፦ 1941

የዚህ ጉዳይ ዋና ክፍል ይሄ ነው። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች በምትገኘው በሞንትጎመሪ ጥቁሮች በ1955 ከጀመሩት ታዋቂ የአውቶቡስ አድማ 14 ዓመት በፊት የተደረገ ነው። እዚያ ጥያቄው የተሳፋሪ መቀመጫ ነበር፤ እዚህ የሹፌሩ መሪ።

ሐርለምን የሚያቋርጡ ሁለት የግል የአውቶቡስ ኩባንያዎች ነበሩ። በሐርለም መስመሮች የሚሳፈረው ጥቁር ነው፤ ሹፌሩና መካኒኩ ነጭ። በመጋቢት 1941 የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር ለደመወዝ የሥራ ማቆም አድማ መታ። አድማው 12 ቀን ያህል ቆየ። እዚህ ላይ ሐርለም ሁለት ምርጫ ነበራት። አንዱ «ነጮቹ ሥራ ካቆሙ እኛ እንግባበት» ማለት ነው። ረሃብ ላለበት ሰው ይህ ቀላል ፈተና አይደለም፤ ድሮም ኩባንያዎች ጥቁርን የሚጠቀሙት አድማ ለመስበር ነበር። መጋቢውና ጓደኞቹ ተቃራኒውን አደረጉ። አድማውን ደገፉ። ከዚያ ለማኅበሩ መሪዎች «እኛ ከጎናችሁ ቆመናል፤ ነገ እናንተስ?» አሏቸው። ማኅበሩም እንደሚደግፋቸው ቃል ገባ።

የሠራተኞቹ አድማ እንዳለቀ የሐርለም ተሳፋሪዎች አድማ ጀመረ። የአቢሲኒያ አዳራሽ ሞላ። በየፌርማታው ሰው ቆሞ «ዛሬ አትሳፈሩ» ይላል። አውቶቡሱ ይመጣል፣ በሩን ይከፍታል፣ ማንም አይገባም፣ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ሰዉ በእግሩ ሄደ፣ በምድር ውስጥ ባቡር ሄደ፣ መኪና ያለው ጎረቤቱን አሳፈረ። እውነቱን ለመናገር ባቡሩ መኖሩ ብዙ ረድቷል። አማራጭ በሌለበት ከተማ አራት ሳምንት ቀላል አይሆንም ነበር።

ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ኩባንያዎቹ ተደራደሩ። አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ፣ በ1934 ማንም ያልጠየቀው። ማን፣ ስንት፣ በምን ተራ?

ኩባንያዎቹ ቀደም ሲል ያሰናበቷቸው 91 ነጭ ሹፌሮች ነበሩ። በማኅበሩ ደንብ ሥራ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠሩት እነርሱ ናቸው። ጥቁሮቹ «ይህን እርሱት፣ አሁኑኑ» ቢሉ ማኅበሩ በራሱ አባላት ይከዳ ነበር። ማኅበሩ ደግሞ «መጀመሪያ የእኛ ሰዎች፣ ቀጥሎ እናያለን» ብሎ ቢያቆም ሐርለም ባዶ እጇን ትቀር ነበር። የተጻፈው ስምምነት እንዲህ ይላል። በመጀመሪያ 91ዱ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ጥቁር አንድ ነጭ እየተባለ በእኩል ይቀጠራል፤ ይህም ጥቁሮች ከሠራተኛው 17 በመቶ እስኪሆኑ ድረስ። ይህ ቁጥር ከማንሃተን ሕዝብ የጥቁሩ ድርሻ ነው። መካኒኮችም በስምምነቱ ተካትተዋል። የፈረሙት ሦስት ወገኖች ናቸው፦ ኩባንያዎቹ፣ ማኅበሩ፣ የሐርለም ኮሚቴ።

በአዳራሹ ይህን ሲሰሙ ሁሉም ያጨበጨበ አይመስለኝም። አራት ሳምንት በእግሩ የሄደ ሰው «መጀመሪያ 91 ነጮች» ሲባል ምን ይላል? ለማስረዳት ትዕግሥት የሚጠይቅ ስምምነት ነው። ሆኖም በ1942 መጀመሪያ ላይ በእነዚህ አውቶቡሶች መሪ ላይ ጥቁር ሹፌሮች ተቀመጡ።

ያልሠራው

ብዙ ነገር አልሠራም። በነሐሴ 1943 ፖሊስ አንድ ጥቁር ወታደር ተኩሶ አቆሰለ፤ ሞተ የሚል ወሬ ወጣ፤ ሐርለም እንደገና ነደደች። የሥራ ዘመቻው የፖሊሱን ነገር አልነካውም ነበር። 125ኛው ጎዳና ላይ ሥራ ያገኘችው ልጅ ማታ ስትመለስ ቤቷ ያው ጠባብና ውድ ኪራይ ነው።

ሌላው በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነው። ልጁ በ1941 መጨረሻ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ፤ የመጀመሪያው ጥቁር። በ1944 ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጠ። እዚያም ትልቅ ሥራ ሠራ፤ የትምህርትና የሠራተኛ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆኖ የመራው ኮሚቴ ብዙ ሕጎች አሳልፏል። ግን መጋቢ፣ ኮሚቴ መሪ፣ ፖለቲከኛ፣ ሁሉም እርሱ ሆነ። የሥራ ኮሚቴው ከእርሱ ጋር ወደ ምርጫ ፖለቲካ ሄደ፤ በር ላይ የሚቆመው ሰው ቀነሰ። በ1967 ኮንግረስ በገንዘብ አጠቃቀም ክስ ወንበሩን ከለከለው። በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤት መከልከሉ ትክክል አልነበረም አለ፤ በ1970 ግን በምርጫ ተሸነፈ። እርሱ ሲወጣ የወጣው የአጥቢያው ስም፣ እርሱ ሲወድቅ የተጎዳውም የአጥቢያው ስም ነው።

ደረሰኝ የሰበሰቡት፣ ፌርማታ ላይ የቆሙት፣ ሻማ ያበሩት በብዛት ሴቶች ናቸው። በስብሰባው ፎቶዎች ከፊት የሚታዩት ወንዶች። ይህን ለማለት ሐርለም መሄድ አያስፈልግም፤ የራሳችንን የማኅበር ፎቶ ማየት ይበቃል።

ሌላ ቦታ የሚሠራ ምን አለ

እኔ የወሰድኩትን ልንገራችሁ፤ ሌላው ሌላ ሊወስድ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ በ1934 እና በ1941 መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሕዝቡ ያው ነው፣ ቁጣው ያው ነው፣ ጎዳናው ያው ነው። በ1934 የጠየቁት «ቅጠሩን» ብለው ነው፤ ባለሱቁ ቀጠረ፣ የሚመቸውን መርጦ። በ1941 የጠየቁት ከየትኛው ቀን በኋላ፣ በምን ተራ፣ እስከ ስንት በመቶ ነው። ከሰልፍ በፊት «እሺ ቢሉን ምን እናደርጋለን?» ብሎ አንድ ማታ ቁጭ ብሎ መጨቃጨቅ ያስፈልጋል። ጭቅጭቁ ደስ አይልም። ከድል በኋላ ከሚመጣው ጠብ ግን ይሻላል።

ሁለተኛው የደረሰኙ ነገር ነው። ለባለሥልጣን ወይም ለነጋዴ በደልን ማስረዳት ከባድ ነው፤ «አውቃለሁ፣ ያሳዝናል» ብሎ ይሸኝሃል። ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሲዘረገፍ ግን ማየት አለበት። ማንኛውም አጥቢያ እናቶቹን «የዚህን ወር ደረሰኝ እሑድ ይዛችሁ ኑ» ማለት ይችላል። ወጪ የለውም።

መሣሪያው እንደ ተቋሙ ይለያያል። ሱቅ ደንበኛ ሲቀርበት ይሰማዋል፤ የመብራት ድርጅት የሚሰማው የክፍያ መስኮቱ ሰልፍ ሲረዝምበት ነው፤ አውቶቡስ ባዶ ሲሄድ። እኛ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ሰልፍ እንወጣለን፣ ኤምባሲ ፊት ለፊት፣ ቅዳሜ፣ ቢሮው ተዘግቶ።

የሌላውን ችግር ቀድሞ መደገፍም ከዚህ ይወሰዳል። ሐርለም የነጭ ሹፌሮችን አድማ ብትሰብር ኖሮ ማኅበሩ በሯን አያንኳኳም ነበር። በመጀመሪያ መስጠት ነበረባት፤ ያውም መልሶ እንደሚሰጣት ሳታረጋግጥ። የ91ዱም ነገር እንዲሁ ነው። እኔ በዚያ አዳራሽ ብኖር ምናልባት እቃወም ነበር። ዛሬ ሳየው ግን ስምምነቱን ያቆየው እርሱ ይመስለኛል።

የእግዱን ዘመን የተሻገሩበት መንገድም አለ። ከ1934 እስከ 1938 አድማ የለም፤ ግን ጸሎት አለ፣ ምጽዋት አለ፣ የኢትዮጵያ ስብሰባ አለ። ሰዉ አልተበተነም። ሥራ የሌለው ኮሚቴ ይሞታል፤ በየሳምንቱ የሚገናኝ ጉባኤ ግን በሩ እስኪከፈት ይቆያል።

ከዚያ በኋላ

በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ ወደዚህ አጥቢያ ሄዱ፤ መስቀልም ሰጡ። አጥቢያው እስከ ዛሬ በአክብሮት ይዞታል።

ምስክርነቱ በዚያ አልቆመም። በ1989 አጥቢያው ቤት የሚሠራና ሰፈሩን የሚያለማ ድርጅት አቋቋመ። በ1990 አካባቢ ደግሞ የዚያን ጊዜው መጋቢ ምእመናኑን ይዞ በሐርለም መንገዶች ወጣ። ሰፈሩ በሲጋራና በመጠጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ተሞልቶ ነበር፤ በነጮቹ ሰፈር ያን ያህል አይታይም። ሮለርና ነጭ ቀለም ይዘው፣ መሰላል ላይ ወጥተው፣ ሰሌዳዎቹን ቀቧቸው።

በ2007 መቶ ሃምሳ ገደማ የሚሆኑ የአጥቢያው ሰዎች ኢትዮጵያ መጡ። የእኛ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት የሚገባበት ጊዜ ነበር፤ ለእነርሱም ሁለት መቶኛ ዓመታቸው ሊደፍን አንድ ዓመት ቀርቶታል። በእኛ በኩል ከተማው በመብራትና በባንዲራ ተውቦ፣ ሁሉም ስለ ሚሊኒየሙ ያወራል። እነርሱ ስማቸውን የወሰዱበትን አገር ሊያዩ ነው የመጡት። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ነበርኩ። መምጣታቸውን አልሰማሁም።